ከእርምጃ የሚገኝ ኤሌክትሪክ፦ የጫማ ሶሌታ ኪት፣ የኪኔቲክ ሰዓትና የጭብጥ ባትሪ ሲፈተሹ

«ሲራመዱ ስልክዎን የሚሞላ ጫማ» የሚል ማስታወቂያ ያየ የሰሜን ሸዋ ሰው ዕቃውን ቢመኘው አይፈረድበትም። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር እስከ ሸዋ ሮቢት እግር ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ እረኛው በየቀኑ ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል። መብራት ግን በየመንደሩ አልደረሰም፤ የደረሰበትም ቦታ ይጠፋል። ያ ሁሉ እርምጃ ስለምን ሥራ ላይ አይውልም? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ግን ማስታወቂያው ላይ ሳይሆን ሚሊዋት (የዋት አንድ ሺኛ) ቆጠራ ላይ ነው። እዚህ የምናያቸው ዕቃዎች ሦስት ናቸው፤ ጫማ ውስጥ የሚነጠፈው የፒዬዞ ሶሌታ ኪት፣ ኪኔቲክ የሚባለው የእጅ ሰዓትና እየጨበጡ የሚያበሩት የእጅ ባትሪ። ብዙ ገንዘብና ድካም የሚባክነው በኪቱ ላይ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ እሱ ይወስዳል።

ኪቱ ቋሚ ስም የለውም። ማሸጊያው ቢለያይም ውስጡ ያው ነው፤ ከ6 እስከ 8 የሚደርሱ፣ አንድ ፊታቸው ላይ ነጭ ሴራሚክ የተለጠፈባቸው የናስ ክቦች፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አራት ዳዮዶች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም አንድ ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና አንድ ቀይ የኤልኢዲ መብራት። የክቦቹ ስፋት ብዙውን ጊዜ 27 ወይም 35 ሚሊሜትር ነው። በማንቂያ ሰዓት ውስጥ ድምፅ የሚያወጡትም እነዚሁ ክቦች ናቸው። እዚያ ኤሌክትሪክ ሰጥተናቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ እዚህ ደግሞ እኛ አጉብጠናቸው ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ፒዬዞ የሚባለውን ይህን ባሕርይ የኩሪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር ያሳዩት።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ክቡ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሲጎብጥና ተመልሶ ሲቃና ብቻ ነው። ተጭኖ በቆየ ጊዜ ምንም አይሰጥም። ሱቅ ቆሞ የሚውል ሰው ጫማው ውስጥ ይህን ኪት ቢያነጥፍ የሚያገኘው ዜሮ ነው። የሚቆጠረው ክብደት ሳይሆን የእርምጃ ብዛት ነው።

እስቲ እንቁጠር። ባለ 35 ሚሊሜትር አንድ ክብ በግምት 25 ናኖፋራድ ይይዛል። በደንብ ተደርጎ ሲጎብጥ 20 ቮልት ቢደርስ በውስጡ ያለው ጉልበት 5 ማይክሮጁል፣ ማለትም 5 ሚሊዮንኛ ጁል ነው። ስምንት ክብ ሲረገጥ 40 ማይክሮጁል ይሆናል፤ ሲለቀቅም ሌላ ያንኑ ያህል ይመጣል፤ ከዚያ ላይ ዳዮዱና ሽቦው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አንድ እግር በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ስለሚያርፍ፣ ከአንድ ጫማ 40 ማይክሮዋት ማግኘት በጥሩ የተሠራ ኪት ውጤት ነው። አንድ ባለ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የስልክ ባትሪ ወደ 69,000 ጁል ይይዛል። በ40 ማይክሮዋት እሱን ለመሙላት ሌት ተቀን ሳያርፉ ከ50 ዓመት በላይ መራመድ ያስፈልጋል። ስልክ ይሞላል ብሎ ይህን ኪት የሚሸጥ ሰው ወይ አልቆጠረም፣ ወይ ቆጥሮ ደብቋል።

ችግሩ የርካሽ ኪት ብቻ አይደለም። በአሜሪካው የቴክኖሎጂ ተቋም ኤምአይቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጫማ ላይ በተሠራው የታወቀ ምርምር፣ ተረከዝ ሥር የገባው የተጣመረ የሴራሚክ ምላስ በአማካይ 8.4 ሚሊዋት፣ ከጣቶች ሥር የተነጠፈው የፕላስቲክ ፒዬዞ ደግሞ 1.3 ሚሊዋት ገደማ ሰጡ። በ8.4 ሚሊዋት ያንኑ ስልክ ለመሙላት 95 ቀን ያህል ያለ ዕረፍት መራመድ ነው። ግን ይኸው ቁጥር በሌላ ወገን ሲታይ ደስ ይላል። 125 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው፣ በአንድ ሙሌት 14 ቀን የሚቆይ፣ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ባንድ በአማካይ የሚፈጀው 1.4 ሚሊዋት ብቻ ነው። በቀን አራት ሰዓት የሚራመድ ሰው በ8.4 ሚሊዋት የዚያን ባንድ ፍጆታ በስሌት ይሸፍናል ማለት ነው። አራት ሰዓት በእግር መሄድ ደግሞ ለመንዝ ገበያተኛ ብርቅ አይደለም። ተስፋው ያለው እዚህ ነው፤ በስልክ ሳይሆን በትንንሾቹ ተለባሽ ዕቃዎች።

ወደ ኪቱ እንመለስ፤ አሠራሩ ከተስተካከለ የሚረባ ነገር ይወጣዋልና። ከነመመሪያው እንዳለ ሲገጠም ግን ሦስት ትላልቅ ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው አነጣጠፉ ነው። መመሪያው ክቦቹን ሶሌታው ላይ በማጣበቂያ ለጥፉ ይላል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ የተለጠፈ ክብ ይጨመቃል እንጂ አይጎብጥም፤ ስለዚህ የሚሰጠው ከሚችለው ጥቂቱን ነው። ክቡ ዳር ዳሩን ብቻ መደገፍ፣ መሐሉ ክፍት መሆን አለበት። ለድጋፍ ቀለበት ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ይበቃል፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። የውጭ ስፋቱ 35፣ የውስጡ 27 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት ቆርጠው ከክቡ ሥር ያድርጉ። 0.76 ሚሊሜትር ሙሉውን ቢወርድ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በቀለበቱ መሐል ወፍራም ወረቀት ደራርበው ክፍተቱን ወደ 0.4 ያውርዱት። ክቡን ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚያቆመው ወረቀቱ ነው፤ ያለ እሱ የ70 ኪሎ ሰው ተረከዝ ሥራውን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ከላይ በመሐሉ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የከመነዳሪ ቁራጭ ይለጥፉ፤ እግር የሚጫነው በእሱ በኩል ይሁን። ሴራሚኩ የተለጠፈበት ፊት ወደ ላይ መዞር አለበት። ከላይ ሲገፋ የላይኛው ፊት ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል፤ ሴራሚክ መጨመቅን እንጂ መሳብን አይችልም። ገልብጠው የገጠሙት ክቦች ቶሎ ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ሁሉም ክብ በአንድ ዳዮድ ብሪጅ ላይ መታሰሩ ነው፤ ብሪጅ የሚባለው ወዲያና ወዲህ የሚመጣውን ጅረት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያስተካክለው የአራት ዳዮድ ጥምር ነው። ተረከዝ ሲያርፍ የጣቶቹ በኩል ገና አየር ላይ ነው። ያልተረገጡት ክቦች ባዶ ካፓሲተር ሆነው የተረገጡት ያመነጩትን ይጠጡታል። ቢያንስ የተረከዙንና የፊቱን ለየብቻ ብሪጅ መስጠት ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ክብ የራሱን መስጠት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ለስምንት ክብ 32 ዳዮድ ይፈጃል፣ ዳዮድ ደግሞ ርካሽ ነው። 1ኤን4148 የተባለውን ይምረጡ። አንዳንዱ መካሪ ቮልት እንዳይባክን ሾትኪ ዳዮድ ተጠቀሙ ይላል። ምክሩ ለፀሐይ ፓነል እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተለመዱት ትላልቅ ሾትኪዎች ወደ ኋላ የሚያፈሱት ኃይል እዚህ ከሚመረተው ጋር ይስተካከላል፤ 20 ቮልት ባለበት ቦታ ደግሞ የጥቂት ነጥብ ቮልት ቁጠባ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ካፓሲተሩ ነው፤ ብዙ ሰው «ኪቱ አይሠራም» ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ከስምንቱ ክቦች የሚመጣው አማካይ ጅረት ወደ 8 ማይክሮአምፔር ነው። የተለመደ ባለ 470 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ደግሞ በአምራቾች ልክ መሠረት እስከ 75 ማይክሮአምፔር ሊያፈስ ይፈቀድለታል። ጥሩው ከዚያ እጅግ ያነሰ ያፈሳል፤ መናኛው ከገባ ግን በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ፍተሻው ቀላል ነው። ካፓሲተሩን ወደ 5 ቮልት ሞልተው ያላቁት፤ ቴስተሩንም (የቮልት መለኪያውን) ይንቀሉት፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይለኩ። ባለ 470ው ከ4 ቮልት በታች ከወረደ ከገቢው ቢያንስ አንድ አስረኛውን ይበላልና ይለውጡት። ቴስተሩን ሰክተው መተው አይገባም፤ እሱ ራሱ በ5 ቮልት ግማሽ ማይክሮአምፔር ይጠጣል።

ቴስተር ሌላም ማሳሳቻ አለው። በክቡ ላይ በቀጥታ ሲለካ 2 ወይም 3 ቮልት ብቻ ያሳይና ክቡ የሞተ ይመስላል። የክቡ ምርት በቴስተሩ ውስጥ በሩብ ሰከንድ ገደማ ያልቃል፤ ዲጂታል ቴስተር ደግሞ ያን ያህል ፈጣን አይደለም። ልኬቱ ከብሪጁ በኋላ፣ ካፓሲተሩ ላይ ይሁን።

ብየዳው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በናሱ በኩል ችግር የለም። በሴራሚኩ በኩል ያለው ስስ የብር ቅብ ግን ሙቀት ሲበዛበት ከነእርሳሱ ተላጦ ይነሳል። የመበየጃው ጫፍ ከአንድ ሰከንድ በላይ አይቆይበት። ሽቦው ከሴራሚኩ ጠርዝ አጠገብ ይያዝ እንጂ መሐል አይሁን፤ መሐሉ የሚገፋው ቦታ ነው። ከአሮጌ የቻርጀር ገመድ የሚወጣው ባለ ብዙ ክር ቀጭን ሽቦ ይመረጣል፤ ባለ አንድ ክሩ ጫማው በሚታጠፍበት መስመር ላይ ይበጠሳል። በዚያ መስመር ላይ ክብ አያስቀምጡ፤ ሽቦውንም ሲያልፍ ዘና አድርገው ይተዉት።

መሣሪያ ለማስነሳት ለሚፈልግ ሰው ከኪቱ ጋር የማይመጣ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ኤልቲሲ3588 የሚባለው ቺፕ፣ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተበይዶ የሚሸጠው። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው። እስከ 20 ቮልት ይቀበላል፣ 1.8፣ 2.5፣ 3.3 ወይም 3.6 ቮልት አስተካክሎ ይሰጣል፤ ራሱ የሚበላው ከአንድ ማይክሮአምፔር ያነሰ ነው። 3.3 ላይ ሲደረግ መግቢያው ወደ 5 ቮልት እስኪደርስ ዝም ብሎ ያጠራቅማል፤ ከዚያ ይከፍታል። መግቢያው ላይ 47 ማይክሮፋራድ ካስገቡ ከ20 እስከ 30 እርምጃ ድረስ ምንም ባይታይ አይደንግጡ፤ እየሞላ ነው። 470 ያስገባ ሰው ግን ከበሩ እስከ መንገዱ ቢሄድም የመጀመሪያዋን ብልጭታ አያይም።

ታዲያ በዚህ ምን ይሠራል? የሚመከረው አንድ ሥራ አለ፤ የተረከዝ ብልጭታ መብራት። የአዲስ አበባ ደሴ አስፋልት በጣርማ በር ጉም በሚያልፍበት አካባቢ ማታ ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው ለሾፌር አይታይም። አንድ የኤልኢዲ ብልጭታ በ10 ሚሊአምፔር ለመቶኛ ሰከንድ ቢበራ 330 ማይክሮጁል ያህል ይፈጃል፤ በየ10 እርምጃው አንድ ብልጭታ ይገኛል ማለት ነው። ከሁለት ጫማ ሲሆን ይበረክታል። ባትሪ አይለወጥለት፣ ቻርጀር አይፈልግ፤ የሚራመድ ሰው ባለበት ሁሉ ይሠራል። እርምጃ የሚቆጥር ወይም በብሉቱዝ አጭር ምልክት የሚልክ አነስተኛ ሰሌዳም በዚሁ ይነሳል፤ አንድ መልእክት ከ100 ማይክሮጁል ብዙም አይርቅምና። ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ የሚገኝ ጥሩ ቤተ ሙከራ ነው።

የጫማው ዓይነት ወሳኝ ነው። በበረባሶ አይታሰብም፤ ዳሩ ክፍት ስለሆነ ጭቃና ጠጠር ይገባል። ኮንጎ ጫማ ደግሞ ውሃ ይቋጥራል፤ 20 ቮልት በጣም ትንሽ ጅረት ይዞ ሲመጣ የረጠበ ካልሲ ብቻውን ያጠፋዋል። የሚሆነው ሶሌታው የሚወጣና የሚገባ፣ ወፍራም ሶል ያለው ቡትስ ነው። ክቦቹን ከነብየዳቸው በቀጭን ላስቲክ ጠቅልለው ዳሩን በማስቲሽ ይዝጉ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ማስቲሽ ይለሰልሳልና እዚያ ዙሪያውን በክር መስፋት ይሻላል፤ ይህን ማንኛውም ጫማ ሰፊ ይሠራዋል። የቆላ ላብ ጨው ስላለበት ያልተሸፈነ ብየዳን ያዝገዋል። በደጋው በኩል ያለው ችግር ሌላ ነው፤ በደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ከመነዳሪው ይደርቅና ግፊቱን በአንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ወፈር ያለና ለስላሳ ላስቲክ ይምረጡ።

ከሰውነት ብዙ ዋት ማግኘት አይቻልም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የተሠራ የጀርባ ቦርሳ፣ 38 ኪሎ ጭኖ ጭነቱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ እስከ 7.4 ዋት አመንጭቷል። በ2008 የወጣው የጉልበት ማሰሪያ ከሁለት እግር 5 ዋት ያህል ሰጥቷል። የጉልበቱ ብልሃት የሚያስደንቅ ነው፤ ጄኔሬተሩ የሚሠራው እግር ወደ ፊት ተወንጭፎ ጡንቻ ሊያቆመው በሚታገልበት ቅጽበት ስለሆነ ለራሱ ለተራማጁ ማቆሙን ያግዘዋል። እንደ አንኮበር ባለ ቁልቁለት ላይ ጡንቻ የሚያደርገው ይህንኑ ማቆም ነው። በ5 ዋት ስልክ በአራት ሰዓት ገደማ ጉዞ ይሞላል። ግን በእያንዳንዱ እግር 1.6 ኪሎ መሸከም አለ። ያን ከመሸከም የ5 ዋት የፀሐይ ፓነል ቦርሳ ላይ ማንጠልጠል ይቀላል። ስልክ ለመሙላት ከሆነ ገንዘብዎን ፀሐይ ላይ ያውሉ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ከሦስቱ ዕቃዎች ያለ ማቅማማት የሚገዛው ይህ ነው። የጃፓኑ ሰዓት አምራች ሴኮ ይህን አሠራር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን ለገበያ ያቀረበው በ1988 ነው፤ ኪኔቲክ የሚለው ስም በኋላ መጣ። ውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ክብደት አለ። እጅ ሲንቀሳቀስ ክብደቱ ይዞራል፣ በጥርሶች በኩል ደቃቅ ጄኔሬተር ያሽከረክራል፤ እንደ አምራቹ አባባል ጄኔሬተሩ በደቂቃ እስከ 100,000 ዙር ይደርሳል። በዘወትር አለባበስ የሚሰጠው ግን በአማካይ 5 ማይክሮዋት ብቻ ነው። ኳርትዝ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰዓት ከአንድ ሁለት ማይክሮዋት የበለጠ ስለማይፈልግ ይተርፈዋል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሰፊው የሚታወቀው ሴኮ ፋይቭ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱም በእጅ እንቅስቃሴ ይሠራል፣ ነገር ግን የሚያጠራቅመው በጥምዝ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክ የለበትም፤ ከእጅ ከወጣ በ40 ሰዓት ገደማ ይቆማል። 5ኤም62 የሚባለው የኪኔቲክ ሞተር ሙሉ ከሆነ እስከ ስድስት ወር ይቆያል።

ያገለገለ ኪኔቲክ የሚገዛ ሰው መፈተሽ ያለበት ማጠራቀሚያውን ነው፤ የሚያረጀው እሱ ነውና። በመጀመሪያ ሰዓቱን ጆሮ አጠገብ ይዞ ማወዛወዝ ነው። ክብደቱ ሲዞር መሰማትና መዳሰስ አለበት፤ ዝም ካለ ስሙ ብቻ የተጻፈበት ተራ የባትሪ ሰዓት ነው። ቀጥሎ በሁለት ሰዓት አቅጣጫ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ። በ5ኤም62 ላይ የሰከንድ ቆጣሪው በፍጥነት 5 ሰከንድ ከዘለለ ቢያንስ የአንድ ቀን፣ 10 ከሆነ የአንድ ሳምንት፣ 20 ከሆነ የአንድ ወር ጉልበት አለው፤ 30 ከሆነ ሊሞላ ተቃርቧል። ቆጣሪው በየሁለት ሰከንዱ የሚዘል ከሆነ ጉልበት አልቆበታል። ያ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ በደንብ አወዛውዘው በየሰከንዱ መሄድ ሲጀምር ጠረጴዛ ላይ ያሳድሩት። 10 ሰከንድ አሳይቶ ያደረ ሰዓት ጠዋት ቆሞ ከተገኘ ማጠራቀሚያው አርጅቷል፤ የሚለወጠው በዋጋው ውስጥ ይታሰብ። ሰዓት ሠሪው በምትኩ ተራ የሰዓት ባትሪ እንዳይከትበት ያስጠንቅቁ። ጄኔሬተሩ የማይሞላውን ባትሪ ሊሞላ ሲሞክር ባትሪው ያፈሳል፣ ሞተሩንም ያበላሻል። ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው ክንዱ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ሰዓቱ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ማሰሪያውን ጠበቅ ማድረግና ሌሊት አለማውለቅ ይረዳል።

የጭብጥ ባትሪው አጭር ነገር ነው። እጅ ሲጨብጠው ጥርሶቹ ዳይናሞ ያዞራሉ፤ ለሽንት ቤትና ለበረት ይበቃል። የሚሰበረው ሁልጊዜ የፕላስቲክ ጥርሱ ነው፤ መያዣውን በኃይልና በፍጥነት ከመምታት በዝግታ እስከ መጨረሻው መጨበጥ ዕድሜውን ያራዝመዋል። እየነቀነቁ የሚያበሩት ዓይነት ላይ ግን ማጭበርበር አለ፤ በብዙዎቹ ውስጥ የተደበቀ ክብ ባትሪ ነው መብራቱን የሚሰጠው፣ የሚንቀሳቀሰውም ብረት ማግኔት አይደለም። ሱቁ ውስጥ መርፌ አስጠጉበት፤ ካልሳበ አይግዙት።